ባሕሬ ወተት የመሰለበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ አሰላ ላይ በረዶ ጣለ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጭላሎ ተራራ እስከ ጫፉ ይታያል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አንድ ጠብታ አልነካውም።

በረዶው የጣለው እኔ ሳሎን ውስጥ ነው። እዚያም ውስጥ ባሕሬ ላይ!

ስቃችሁ ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።

ጨረሳችሁ? ጥሩ።

ለአዲስ ተከታዮቼ፦ እኔ ተሾመ እባላለሁ። የድሮ የቦቴ ሹፌር፣ ያሁኑ የባሕር ባለቤት። ሰው በጋቢ ላይ ካፖርት በሚደርብበት በዚህ ደጋ፣ የጨው ውሃ አኳሪየም ከነኮራሉ ያቆመ ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ካለ እጁን ያውጣ።

የለም አይደል? አውቄ ነው።

ርዝመቱ እንደ አልጋ፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። መስታወቱን የቆረጠልኝ የመስኮት ባለሙያ «አባባ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቀይ ባሕርን ላስገባበት ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው።

ማን አስተማረህ ካላችሁኝ፣ ማንም! ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛውን ከመኪና ማንዋል፣ ኬሚስትሪውን ከዩቲዩብ ለቀምኩት። የልጄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ሲያጠና «አባባ፣ አልካሊኒቲ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ደውሎ የጠየቀው እኔን ነው። ፕሮፌሰሩን አይደለም። እኔን!

መጀመሪያ ላይ የወጥ ጨው በጥብጬ ስለገደልኳቸው ዓሦች ግን አንነጋገርም።

መብራት ሲጠፋ ውሃው እንዳይበርደው አኳሪየሙን ጋቢ አለብሰዋለሁ። ይህን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል፣ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አስካለ ግን ላይክ አላደረገችውም። «አራት ልጅ ስወልድልህ እንዲህ ሸፍነኸኝ አታውቅም» ነው ያለችው።

ልክ ናት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው። ቤቱን የሚሠራው በራሱ አካል ነው። ለቤቱ ድንጋይ የሚሆነውን ደግሞ ከውሃው ይወስዳል፤ ካልሲየምና አልካሊኒቲ የምንላቸው እነዚህን ነው። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከቀረ እርሻው ይበላሻል። እኔ ካልሲየሙን አራት መቶ ሃያ፣ አልካሊኒቲውን ስምንት ላይ አስሬ አኖራቸዋለሁ። በየጊዜው ውሃ ቀድቼ፣ የመለኪያውን ጠብታ እያንጠባጠብኩ ቀለሙ ሲለወጥ አያለሁ። ሲጎድል እሞላለሁ።

ሲሞላ ግን ሕግ አለው።

ሁለቱ እንደታጩ ልጆች ናቸው፤ ባሕር ውስጥ በሰፊው ተበትነው ሲኖሩ ጨዋ ናቸው። ወፍራም አድርጋችሁ አንድ ጥግ ላይ ካገናኛችኋቸው ግን እዚያው ተጣብቀው ኖራ ይሆናሉ። ስለዚህ አንዱን ዛሬ ጠዋት፣ ሌላውን ቆየት ብሎ፣ በሌላ በኩል፣ በትንሽ በትንሹ።

ይህን ሁሉ በቪዲዮ አስተምሬያችኋለሁ። ጣቴን ቀስሬ ምን እንዳልኩም ታስታውሳላችሁ።

«ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ የሚያፈስ ሰው ዓሣውን ትቶ ዶሮ ያርባ!»

አዎ። ኮመንት ላይ እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ቀድሜያችሁ ጻፍኩት።

እንግዲህ ዛሬ ማን ሊመጣ እንደነበረ ልንገራችሁ።

መኮንን የሚባል ጓደኛ አለኝ። ኢተያ ነው የሚኖረው። በጉርምስናችን እኔ የቦቴው ሹፌር፣ እሱ ረዳቴ ነበር። አሰብ ወደብ ስንመላለስ የበላነው አቧራ ቢመዘን አንድ መኪና ጭነት ይወጣዋል።

አሰብን የማታውቁ ልጆች ምን ልበላችሁ? ሌሊቱን በበረሃው ሙቀት ስትቀቀሉ ታድራላችሁ። ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ ሽታዋ ይመጣል። ቀጥሎ ነፋሷ። ከዚያ መንገዱ ዝቅ ሲል እሷ ራሷ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግታ!

መኮንን ሁልጊዜ መስኮቱን አውርዶ ግማሽ አካሉን ያወጣና «መጣንልሽ!» ብሎ ይጮኻል። እጠላው ነበር ጩኸቱን። ጆሮዬ ሥር ነበር የሚጮኸው።

መንገዱ ከተዘጋብን በኋላ ያንን ጩኸት እንደናፈቅሁት የናፈቅሁት ነገር የለም።

መኮንን አሁን ዓይኑ እየደከመ ነው። ግላኮማ ይሉታል። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ፣ ዛሬ ዓለምን የሚያያት በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሎታል፤ የቀረው ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆይ አይታወቅም።

ባለፈው ደወለልኝና እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ «ተሾመ፣ ያ የምትፎክርበት ውሃ እውነት የባሕር ነው? ሳይመሽብኝ አንድ ጊዜ ልየው።»

ሳይመሽብኝ ያለው ፀሐይዋን አይደለም።

«የባሕር ብቻ? አሰብን ነው የማሳይህ!» አልኩት። እኔ እኮ ነኝ። ዝቅ አድርጌ መናገር አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከልጁ ከሰናይት ጋር ይመጣል ተባለ። ተነስቼ ውሃውን ብለካው ካልሲየሙ ሦስት መቶ ስልሳ፣ አልካሊኒቲው ስድስት!

ደገምኩት። ያው ነው።

ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ኮራሎቼ አድገው ነው። የሚያድግ ልጅ ይበላል። ሰሞኑን ደግሞ ሰውነቴን ብርድ መትቶኝ ስለነበር ምግባቸውን በደንብ አልሞላሁም። ያቺ ሐምራዊዋ፣ በስስት የማያት፣ ጣቶቿን ሰብስባ ፈዛ ቁጭ ብላለች። አረንጓዴዋም አኩርፋለች። እንግዳ ሊመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ተኝቷል በሉት።

ሕጉ ቀስ በል ይላል። ቀናት ይፈልጋል። መኮንን ግን ሚኒባስ ላይ ነው!

አስካለ ወጥ ቤት ሆና ለእንግዳው ወጥ ላይ ቅቤ ትደርባለች። በኛ አገር ለእንግዳ አይሰፈርም፣ ይደረባል። እኔስ ለምን እሰፍራለሁ?

የካልሲየሙን ጠርሙስ ገለበጥኩት።

ወዲያው፣ እዚያው ጥግ፣ እዚያው ፓምፑ አፍ ላይ፣ የሌላውንም ገለበጥኩት።

ከዚያ እጄን አጥቤ ሱፌን ልለብስ ጓዳ ገባሁ። እያፏጨሁ!

ከረባት እያሰርኩ ወደ ሳሎን ስመለስ ባሕር የለም።

ዓሣ የለም። ኮራል የለም። አለት የለም። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ነጭ ነው። ጥጥ የመሰለ፣ እየተንከባለለ የሚወርድ ነጭ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወተት!

አጠገቡ ደግሞ አዴ ሞሚና ቆማለች።

አዴ ሞሚና ጎረቤታችን ናት፣ ከመንገዱ ማዶ። ከእኔ ጋር እኩያ ብንሆን ነው። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። በእጇ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን፣ ይዛለች። ክዳኑ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አዴ ሞሚና ወተት ይዛ የማትመርቀው ነገር የለም። ልጄ አይሱዙ የገዛ ጊዜ ጎማዎቹ ላይ ወተት ረጭታ መርቃለች። መኪናው እስከ ዛሬ ጎሚስታ ቤት ደጅ አልቆመም፤ እሱን አልክድም። አኳሪየሙ የቆመ ዕለትም መጥታ «ሳይመረቅ?» ብላኝ ነበር። «አዴ፣ በፈጠረሽ፣ ወተት ወደዚህ ውሃ እንዳይጠጋ!» ብዬ ለምኛት፣ ከዚያ ወዲህ ጮጮ ይዛ ስትገባ በመስታወቱና በእሷ መካከል እየቆምኩ ነው የኖርኩት።

እና ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ነጭ ባሕርና ባዶ ጮጮ አየሁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

ዝም በሉ። የጠየቅኳችሁ ለጨዋታው ነው።

«አዴ ሞሚና! ምን በደልኩሽ?» ብዬ ጮኽኩ። «በወተት ገደልሽብኝ! እየነገርኩሽ! ባሕሬን በወተት ገደልሽው!»

እጄ ላይ ከረባቱ በግማሽ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

«ማል ታኤ?» አለች፤ ምን ሆነ ማለቷ ነው። ቀጥላ «እኔ?» አለች። ወደ ውሃው አየች፣ ወደ ጮጮዋ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጮጮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

በሩ ላይ ከማን ጋር ተላለፈች መሰላችሁ? ከመኮንንና ከሰናይት ጋር። ሁሉንም ሰምተዋል።

ያኔ አስካለ ከወጥ ቤት ወጣች። በሁለት እጇ ድስት ይዛለች። ድስቱ ሙሉ ወተት ነው።

«ወተቱ ይኸው!» አለች። «ለእንግዳው ላፈላው የገለበጥኩት እኔ ነኝ! ጮጮዋን መልሼላት ደጅ ልትወጣ ስትል ነው የጮህክባት! አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?»

ወደ ውሃው ዞርኩ። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው ጥግ ከሁሉም ይበልጥ ነጭ ነው። ማሞቂያው ላይ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነጭ ቅርፊት ይዟል።

ወተት ቅርፊት አይሠራም።

ጣቴን ቀስሬ ያስተማርኩት ነገር ነው። በአንድ ጥግ፣ በገዛ እጄ።

ያ ሁሉ ሲሆን ሰናይት አባቷን በክንዱ ይዛ አስገብታ፣ ለእሱ ብዬ አኳሪየሙ ፊት ያዘጋጀሁት ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች። መኮንን ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ በሸንበቆው ቀዳዳ እየፈለገ ነው።

ቆየ።

ከዚያ በቀስታ፣ ልጁ እንዳትሰማው የፈለገ በሚመስል ድምፅ እንዲህ አለኝ፦

«ተሾመ፣ ዓይኔ ነው ወይስ ባሕሩ?»

ወገኖቼ፣ ብዙ ነገር ተናዝዤላችኋለሁ፤ ይህን ልናዘዝ ግን አልፈለግሁም ነበር።

ዝም አልኩ።

ለትንሽ ጊዜ ነው። ግን ዝም አልኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ጎበዙ ተሾመ፣ ባለ ባሕሩ ተሾመ፣ ስሙ ሳይነካ ይቀራል። ሰናይት አይታኛለች። አፏን ልትከፍት ብላ በትልቅ ሰው ቤት ነውና ታግሳ ጠበቀችኝ። የመኮንን እጅ ኮፍያውን ሲጨምቀው አየሁ።

«ባሕሩ ነው» አልኩ። «ዓይንህ ደህና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ኋላ ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ።

ከዚያ ሳቀ! እንዴት እንደሳቀ! እንባው እስኪወርድ።

«ተመስገን ጌታዬ! ሐኪሙ በጥቁር ይመጣል ብሎኝ ነበር እኮ፤ በነጭ ሲመጣብኝ ግራ ገብቶኝ ነው!»

በሕይወቴ ባሕሬ በመበላሸቱ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን ሰው አያለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ወዲያው በበርሜል ያቆየሁትን ተለዋጭ የጨው ውሃ እየቀዳሁ፣ ነጩን እየቀነስኩ መቀየር ጀመርኩ። ሱፌን አላወለቅሁም። ከረባቴ ውሃው ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይመስል ሲዋኝ ሰናይት «ጋሼ ተሾመ፣ ከረባትዎ!» አለችኝ።

«ተወው እሱን» አለ መኮንን። «ውሃው ይደርሳል። አንተ መጀመሪያ ሴትየዋ ጋ ሂድ።»

«ትንሽ ይጥራና…»

«ተሾመ፣ ወተት ይዛልኝ መጥታ ነው የሰደብካት።»

አስካለም ከኋላ ጨመረችልኝ። «ሲንቄዋን ይዛ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስከትላ ብትመጣ የት ትገባለህ? ጋቢ ውስጥ?»

ሲንቄ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ እስኪክስ ድረስ ከደጁ አይነቃነቁም። እኔ በቦቴ አፋር በረሃን ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ሲንቄን ግን እፈራለሁ።

ከግቢዬ እርጥብ ሣር ነጨሁ። እዚህ አገር ይቅርታ ጠያቂ ሣር ይዞ ነው የሚሄደው። እስከ ክርኔ የረጠበ ሱፍ ለብሼ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከረባት አንጠልጥዬ፣ ሣር በሁለት እጄ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍሬን ይዞ «አባባ፣ ሽማግሌ ልከው ነው ወይስ ራስዎ ነዎት ሙሽራው?» አለኝ።

የመስኮቱ ባለሙያም ከማዶ ሆኖ እያየ ነበር። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

አዴ ሞሚና ደጇ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ግባም አላለችኝ፣ ሂድም አላለችኝ። ሲንቄው ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«አዴ ሞሚና፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ወተት አልነበረም። የራሴ ሥራ ነው።»

ሣሩን አልተቀበለችኝም። አቆየችኝ። ከከረባቴ የሚንጠባጠበው ውሃ ደጇን ሲያርስ ተናገረች።

«ኦቦ ተሾመ፣ ወተት ያበላሸው ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።» በአገጯ ወደ ቤቴ አመለከተች። «ያንን ወተት ያመጣሁት ዓይኑ ለሚደክመው ሰው ነው። ለውሃህ መሰለህ? ወላሂ፣ ለውሃ የማባክነው ወተት የለኝም!»

«በግ እክሳለሁ» አልኩ።

«በግህን እሰር። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ያ መስታወት ከቆመ ጀምሮ በገባሁ ቁጥር ፊቴ እንደ በር ትቆማለህ። ባሕር አይቼ አላውቅም። እዚህ መንገድ ማዶ ባሕር አለ እየተባለ እኔ አይቼው አላውቅም! ወንበር ስጠኝ። ከእንግዳህ ጎን ተቀምጬ ልየው።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነገራችሁ ወዴት ነው የሚታየው? እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ደግሞ» አለች ሣሩን ከእጄ እየወሰደች፣ «በዚያ በስልክህ ለዚያ ሁሉ ሰው ትጽፍ የለ? ጻፈው። ወተት አይደለም ብለህ ጻፈው።»

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እንግዲህ በአዴ ሞሚና ፍርድ ነው። በራሴ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምለጥፈው የድሮ ፎቶ ነበር።

አብረን ተመለስን። ከመኮንን ጎን ወንበር ሰጠኋት። አስካለ ወተቱን አፍልታ ቀዳችልን። ነጭ ውሃ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነጭ ወተት ጠጣን። ይህን ማንም ቢያይ ያመናል? ሰናይት በስልኳ አነሳችን፤ ፎቶውን ለኔ አልላከችልኝም፣ ጨዋ ልጅ ናት።

አዴ ሞሚና ውሃውን ትኩር ብላ አይታ «ባሕር የሚባለው እንዲህ ነጭ ነው?» አለች።

ልመልስ ስል መኮንን ቀደመኝ።

«የለም አዴ። ስሚኝ ልንገርሽ» አለና ጀመረ። ሽታዋን ነገራት። ነፋሷን ነገራት። ጠዋት ብርማ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል አረንጓዴ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ዓይን የማያስገልጥ ሰማያዊ እንደምትሆን ነገራት። ጀልባዎቹ ሲርቁ ወደ ውሃው የሚገቡ እንጂ የሚሄዱ እንደማይመስሉ ነገራት። በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ነጭ እያየ፣ ከነጩ ማዶ ያለውን ነበር የሚያወራው። አዴ ሞሚና የወተት ብርጭቆዋን ረስታዋለች። አስካለ የወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ነድቼ፣ መኮንን ባሕሩን ይህን ያህል እንዳየው አላውቅም ነበር። እኔ መንገዱን ነበር የማየው።

ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ቀመሰው።

ዓይኑን ጨፈነ።

«ናት» አለ።

በዚያን ጊዜ በረዶው ወደ አሸዋው እየወረደ፣ ውሃው ከላይ በኩል ከወተትነት ወደ ጭጋግነት እየሳሳ ነበር። ሁላችንም እንጠብቃለን። ልክ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ መርከብ እንደምንጠብቀው።

መጀመሪያ ያየችው ሰናይት ናት። እጇን የአባቷ ትከሻ ላይ አድርጋ አገጩን በቀስታ ወደ ግራ አዞረችው።

ከጭጋጉ ውስጥ ብርቱካናማዋ ዓሣ ወጣች። ትንሿ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቀችው። እንዳኮረፈች ሙሽራ ቀስ ብላ ወደ መስታወቱ መጣች።

«ብርቱካን ነገር» አለ መኮንን። «ብርቱካን ነገር አየሁ።»

ከዚያ በሹክሹክታ፣ ድሮ ጆሮዬን በሚያደነቁርበት አፉ፣ እንዲህ አላት፦

«መጣንልሽ።»

እኔ ፓምፑን የማይ መስዬ ዞርኩ። ፓምፑ ደህና ነበር።

ኮራሎቹን ግን አላያቸውም። ሐምራዊዋ ነጭ አመድ ለብሳ እንደተዘጋች ናት። አረንጓዴዋም አልተከፈተችም። አሰብን አሳይሃለሁ ብዬ ያሳየሁት አንዲት ዓሣ ነው። ይክፈቱ አይክፈቱ፣ ይህን ስጽፍም አላውቅም።

ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኮንን ሚኒባሱ ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን አወረደ። እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«ስትጠራ ጥራኝ» አለ። «ስትከፈት። ቀለሙን ሳየው ነው የማምንህ።»

«እጠራሃለሁ።»

«ግን ተሾመ…» አለ፤ እጄን ጠበቅ አደረገው። «ብዙ አታቆየኝ።»

ሚኒባሱ ወደ ኢተያ ወረደ። የስንዴው ማሳ በነፋሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተኛል፣ ይነሳል። ቆሜ ሳየው ሌላ ነገር መሰለኝ። የመሰለኝን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ይህ ነው። ካልሲየምና አልካሊኒቲ ቀስ ተብለው ነው የሚሞሉት። ትንሽ ዛሬ፣ ትንሽ ነገ፣ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ። የፈለገ ሊቅ ብትሆኑ ልታጣድፏቸው አትችሉም። ተጣድፌ አይቻቸዋለሁ፤ በረዶ ነው የሚሆኑት።

የመኮንን ዓይን ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጠብቅ አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ልጠይቃችሁ፣ እናንተ መልሱልኝ፦ ሳይጣደፉ ቶሎ የሚደረስበትን መንገድ የሚያውቅ አለ?

ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ። ዶሮ አርባ የሚለኝንም አልቆጣም፤ አስካለ ቀድማችሁ ሁለት ጫጩት ገዝታልኛለች።

አዴ ሞሚና፣ ልጆችሽ ያነቡልሽ ከሆነ፦ ወተት አልነበረም። ወንበርሽም ከመስታወቱ ፊት አልተነሳም።